በስቅለት ያልታዩ አምስት መቀርቀሪያዎች

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠመንጃ ሠርቻለሁ። ይህን ቁጭ ብዬ ስጽፈው ራሴንም ይደንቀኛል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁኝ ሰዎች ሥራህ ምንድን ነው ባሉኝ ቁጥር "ብረታ ብረት" ብዬ ነው ያለፍኩት። ብረታ ብረት መሆኑ እውነት ነው። የምን ብረት ብሎ የጠየቀኝ ስላልነበረ እኔም አላብራራሁም። አምና ጡረታ ወጣሁ፤ አሁን ስቶክሆልም ዳር ቮርቢ ጎርድ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ባቡሩ ሲመጣና ሲሄድ እያየሁ እውላለሁ። ሰው የማርፍ ይመስለዋል። አንድ የነሐሴ ማክሰኞ ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን እስካሁን እደነግጣለሁ፤ ሻይ ይዤ ከሆነ ይፈስሳል። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ምንጣፉ ሻይ መጠጣት ሲሰለቸው "ጻፈውና ይውጣልህ" አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው። ከሙያ ትምህርት ቤት ቶርኖ፣ ማለት በማሽን ብረት መቅረጽ፣ ተምሬ ወጣሁና የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ዘመኑ የታወቀ ነው፤ በሱዳን በኩል ወጣሁ። ስዊድን እንደገባሁ መጀመሪያ የምድር ባቡር ጣቢያ ጠረግኩ። ቀጥሎ የውኃ ፓምፕ የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። አለቃችን ሽንት ቤት የገባን ሰው ሰዓት ይዞ የሚጠብቅ ሰው ስለነበር፣ ፋብሪካው ሲዘጋ ከልቤ ያዘንኩት ለቶርኖው ብቻ ነው። ከዚያ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ ያለች ሴትዮ ወረቀቴን አገላብጣ ሶደርማልም የሚባል የስቶክሆልም ሰፈር ውስጥ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ቶርኖ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል አለችኝ። ምን እንደሚሠሩ አልነገረችኝም፤ ወይም ነግራኝ አልገባኝም። ያኔ ስዊድንኛዬ ገና እንክብካቤ የሚፈልግ ነበር።

አድራሻውን ይዤ ሄድኩ። ከአንድ አሮጌ ፎቅ ጓሮ ወደ ምድር ቤት የሚወርድ ደረጃ አለ። በሩን ስከፍት ግድግዳው ላይ በሰልፍ የቆሙ ጠመንጃዎች ጠበቁኝ። እግሬ እዚያው ደረጃው ላይ ቀረ። ኬላ ላይ ከተደገነብኝ ጠመንጃ ሸሽቼ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ፣ ጠመንጃ ቀድሞኝ ስቶክሆልም ገብቷል። አንድ ቀጭን ረጅም ሰውዬ ከብረት ማሰሪያው ሞርሳ ቀና ብለው አዩኝና ደንግጬ መቆሜ ገብቷቸው፣ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለ ትልቅ ቀንድ በጣታቸው አመለከቱ። የኤልግ ቀንድ ነው፤ ኤልግ በዚህ አገር ጫካ የሚኖር ከፈረስ የሚበልጥ አጋዘን ነው። ለእሱ ነው ማለታቸው ነበር።

ማታ ለጥሩወርቅ ስነግራት ድስቱን ከእሳት አወረደችና "ከጠመንጃ ሸሽተን መጥተን ጠመንጃ ልትሠራ?" አለችኝ። ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን፣ ሰው አይገደልበትም ወይ ብላ ጠየቀች። ለአውሬ ነው፣ ፖሊስ ፈቃድ ይሰጣል፣ እኔንም ከእግር እስከ ራሴ መርምሮ ነው የሚያስገባኝ አልኳት። ደመወዙም ከጠረጋው ይሻል ነበር። በዚያው ዓመት መጸው ላይ አንድ ደንበኛ የኤልግ ሥጋ ሰጥቶኝ ይዤ ብገባ፣ ሰኮናው ያልተሰነጠቀ ይሆናል ብላ ስትጨነቅ ቆይታ፣ መሰንጠቁን ከመጽሐፍ አይታ ካረጋገጠች በኋላ ጠበሰችው። ከዚያ ወዲያ ስለ ጠመንጃው አላነሳችብኝም።

ቀጭኑ ሰውዬ ስቱሬ ይባላሉ፤ የወርክሾፑ ባለቤት እሳቸው ነበሩ። ስዊድኖች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ነው የሚሉት። እኔም በስዊድንኛ አንተ እያልኳቸው ሠላሳ ዓመት ኖርኩ፤ በልቤ ግን አንድ ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም። ሙያ ያስተማረኝን ሰው አንተ የምልበት አንጀት የለኝም።

ጠዋት እስከ መጀመሪያው ቡና ድረስ አይናገሩም። ከሥራ በፊት እጃቸውን በነጭ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ንጹሕም ቢሆን ይጠርጋሉ። ተናድደው ከሆነ መለኪያ አይነኩም፤ መጥረጊያ ያነሱና ንዴታቸው እስኪበርድ ወለሉን ይጠርጋሉ፤ አንዳንድ ሳምንት ወለላችን እንደ መስታወት ያበራ ነበር። አንድ ሥራ ቢያስደስታቸው "ዱገር" ይላሉ፣ ይበቃል እንደማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ከአፋቸው አልሰማሁም። የመጀመሪያውን "ዱገር" ያገኘሁት በገባሁ በሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ የዚያን ቀን ከሶደርማልም እስከ ቮርቢ ጎርድ ድረስ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ሄድኩ። ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ግን መነጽር በማስደረግ ነው። ማንም ሰው፣ ንጉሥም ቢመጣ፣ የመከላከያ መነጽር ሳያደርግ በእኛ ጠመንጃ አይተኩስም።

እዚህ ላይ ሥራችንን ትንሽ ላስረዳ፣ ካለዚያ ኋላ የመጣው ነገር አይገባም። የጠመንጃ ዋናው ነገር መሃሉ ነው። ጥይቱ የሚገባበት የብረት ሳጥን አለ፤ በሳጥኑ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋበት መቀርቀሪያ አለ። ሁለቱን አንድ ላይ ሜካኒዝም እንላቸዋለን። መቀርቀሪያው ጫፉ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ጥርሶች አሉት። ሲዘጋ ጥርሶቹ ሳጥኑ ውስጥ ባለ እርከን ላይ ይደገፋሉ። ጥይቱ ሲፈነዳ ያ ሁሉ ኃይል ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመጣ የሚይዙት እነዚያ ሁለት ጥርሶች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱም እኩል መንካት አለባቸው። አንዱ ብቻ ከነካ ሸክሙ ሁሉ በእሱ ላይ ነው፤ ለጊዜው ይችለዋል፣ አንድ ቀን ግን ይሰነጠቃል።

እኩል መንካታቸውን የምናውቀው በሰማያዊ ቀለም ነው። ስቱሬ ጥርሶቹን ጀርባቸው ላይ እንደ ትንፋሽ ስስ አድርገው ቀለም ይቀባሉ፤ መቀርቀሪያውን ያስገባሉ፤ በሁለት ጣት ዘግተው ይከፍታሉ። የነካው ቦታ ቀለሙ ተጠርጎ ብረቱ ያበራል፤ ያልነካው ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ከፍ ያለውን ጥርስ በደቃቅ ማለስለሻ ቅባት ጥቂት ይፈገፍጋሉ፣ ደግመው ይቀባሉ፣ ደግመው ያያሉ። አንዳንዱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሁለቱም እኩል ሲያበሩ መቀርቀሪያው ላይ በክር የታሰረችው ካርቶን ላይ በእርሳስ ስማቸውን ይፈርማሉ። ያ ፊርማ ካለ ሥራው አለቀ። እኔ ይህን ሥራ ከእሳቸው ለመማር ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስቱሬ እየሸመገሉ ሲሄዱ ወርክሾፑን ለልጃቸው ለአኒካ አስረከቡ። አኒካ በእኔ ፊት ያደገች ልጅ ናት፤ በትምህርቷ መሐንዲስ፣ በጠባይዋ ፈጣን። አባቷ ግን እቤት መቀመጥ ሞት መስሏቸው በየቀኑ እየመጡ የድሮ ሞርሳቸው ላይ ይሠሩ ነበር። አኒካ አንድ ሐሳብ ነበራት። የእኛ ሜካኒዝም መካከለኛ ነው፤ ለድብና ለትልልቅ አውሬ የሚሆነው ረጅሙ ጥይት አይገባበትም። ደንበኞች ለዓመታት ትልቅ ሥሩልን ሲሉ ኖረዋል። እሷ ሥዕሉን ነድፋ ጨረሰችና ገና አንድ እንኳ ሳይሠራ ኢንተርኔት ላይ አወጣችው፤ የሚፈልግ ስሙን ያስመዝግብ አለች። ገንዘብ አልተቀበለችም፣ ስም ብቻ። የእያንዳንዱን ስም በካርድ እየጻፈች ግድግዳው ላይ ሰካች።

ስቱሬ ያን ግድግዳ አልወደዱትም። ገና ላልተወለደ ልጅ ክርስትና ጠራሽ ዓይነት ነገር አሏት። እኔ ደግሞ ፈራሁት። ከዚያ በፊት ጠመንጃ ሠርተን ስናበቃ ነበር ሰው የሚመጣው፤ አሁን ሰው እየጠበቀ ነው የምንሠራው። ስልክ መደወል የማይሰለቸው ሕዝብ ነው። በተለይ ከሰሜን ጉንቮር የሚባሉ አሮጊት በየወሩ መጀመሪያ ይደውሉ ነበር። ባላቸው ሞተውባቸው ብቻቸውን የሚያድኑ ሴት ናቸው። "በሕይወት እያለሁ ይደርሳል?" ይሉኛል፤ እኔም ይደርሳል እላቸዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ እያልን ከረምን፤ አንዴ ሥዕሉ ይታረማል፣ አንዴ ብረቱ ይዘገያል። አኒካ ያንን ግድግዳ እያየች ትከሳ ጀመር።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ትልቁ ሜካኒዝም ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት ስቱሬ የፈረሙበትን አንድ መቀርቀሪያ አንስቼ አየሁ። የግራው ጥርስ ላይ ሰማያዊው ቀለም እንዳለ ቁጭ ብሏል። እሳቸው ግን ፈርመውበታል። ደነገጥኩ፤ ዞር ብዬ ማንም እንዳላየኝ አረጋገጥኩ። በሌላ ቀን ደግሞ የቀለሙን ቆርቆሮ እጃቸው ሥር አስቀምጬላቸው ሲፈልጉ አየሁ። ያኔ ገባኝ። ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ በተለይ ሰማያዊ ቀለም ከግራጫ ብረት አይለይላቸውም።

ምን አደረግኩ? ምንም አልተናገርኩም። ያስተማሩኝን ሰው ዓይንህ ጠፍቷል የምል ማን ነኝ? ለአኒካም ብናገር አባቷን ከሞርሳቸው ላይ ማስነሳት ነው። በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁና እሳቸው የፈረሙባቸውን መቀርቀሪያዎች አንድ በአንድ ቀብቼ አየሁ። ጤነኛውን መለስኩ፣ የተበላሸውን አስተካከልኩ፣ ቀለሙን ጠርጌ ከነፊርማው እንደነበረ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ይህ የየቀኑ ሥራዬ ሆነ። አብዛኛው ጤነኛ ነበር፤ ጣታቸው ብዙ ያውቃል። ከአሥር አንዱ ወይም ሁለቱ ግን አልነበረም። እኔ ይህን ጨዋነት ብዬ ነበር የምጠራው። ከአደግሁበት ቤት ይሉኝታ የሚሉትን ነገር ጠቅልዬ ይዤ መጥቼ ምድር ቤት ውስጥ ስደብቀው መኖሬ ያኔ አልታየኝም።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ትልልቅ ሜካኒዝሞች የደረሱት በፀደይ ነው። በዚያ ዓመት የእኛ ፋሲካ ከስዊድኖቹ ብዙ ዘግይቶ ዋለ፤ የእነሱ ፋሲካ ካለፈና ከተረሳ በኋላ ነው የእኛ ስቅለት የመጣው። ዓርብና ሰኞን ፈቃድ ወስጄ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ስሰግድ ዋልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ጉልበቴን እያሻሸሁ እንደ ልማዴ ቀድሜ ገባሁ። መደርደሪያው ባዶ ነው። አምስቱም የሉም።

አኒካ ስትመጣ ጠየቅኳት። አባቷ ዓርብ ጠዋት አምስቱንም ጨርሰው ፈርመዋል፤ የጠመንጃውን ብረት የዝገት መከላከያ ቀለም የሚቀባልን ድርጅት መኪና ማክሰኞ ሊመጣ የነበረውን እሷ ሰው እየጠበቀ ነው ብላ ዓርብ ከሰዓት አስመጥታው ወስዷቸዋል። ደስ ብሏት ነበር የምትነግረኝ። እኔ "ጥሩ ነው" አልኩ። ተመልሰው ሲመጡ አዲሱ ቀለም ሳይፋቅ በድብቅ ማስተካከል አይቻልም፤ በግልጽ ፈትቼ ልያቸው ብል ደግሞ ለምን ልባል ነው? ለምን የሚለውን ለመመለስ ደግሞ አራት ዓመት ገደማ የደበቅኩትን መዘርገፍ ነው። እስቲ አምስት ናቸው፣ ስቱሬም ስቱሬ ናቸው፣ ደህና ይሆናሉ ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ተሰብስበው፣ እንጨታቸው ተገጥሞላቸው፣ ከግንብ በስተጀርባ ሆነን በገመድ እየሳብን በጠንካራ ጥይት ፈተንናቸው፤ አለፉ። አራቱ ለአራት ሰዎች ተላኩ፤ አንደኛው የጉንቮር ነው። ቁጥር አንዱን አኒካ ለራሷ አስቀረችው።

በመጀመሪያ ያነሳሁት ያ የነሐሴ ማክሰኞ ከከተማ ውጭ ያለው የተኩስ ሜዳ ላይ ነበርን። በሰሜን የኤልግ አደን ሊከፈት ስድስት ቀን ቀርቶታል። አኒካ አግዳሚው ላይ ጉንጯን አስደግፋ ትተኩሳለች፤ እኔ ከጎኗ በማቅረቢያ መነጽር ዒላማውን እያየሁ የት እንደመታች እነግራታለሁ። ስድስት ጥይት አንድ ሳንቲም በማያህል ቦታ ላይ ገባ። ሰባተኛውን ስትተኩስ ድምፁ ሌላ ነበር። ከጥይት ድምፅ በላይ ብረት ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ዞር ስል አኒካ ተቀምጣ ነው፣ ጠመንጃው ወድቋል፣ የመከላከያ መነጽሯ ቀኙ ተሰብሮ የለም፤ ከዓይኗ ይሁን ከጉንጯ አላውቅም ደም በጣቶቿ መሃል ይወርዳል። አልጮኸችም። ስሜን ብቻ ጠራች፣ "ታዴ" ብላ፤ ልጅ ሆና እንደምትጠራኝ። እኔ ያቺን ልጅ ይዤ አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። በአማርኛ ይሁን በስዊድንኛ ያወራሁትም እንጃ።

ሐኪሞቹ ዓይኗ ይተርፋል፣ ምን ያህል እንደሚያይ ግን ገና አናውቅም አሉ። መነጽሩ ባይኖር ዓይኑ ብቻ አልነበረም የሚሄደው። በማግስቱ ከአልጋዋ ሆና ደወለችልኝ፤ ስለ ራሷ ትታ ስለ ደንበኞቹ ነው የምታወራው። የእሷ ሜካኒዝም ከተረፈ አጭር ብረት ለብቻው የተሠራ ነው፤ የአራቱ ከሌላ ብረት ነው። ጥፋቱ የብረቱ ነው ብላ አምናለች። እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩ፤ የእናንተ ጠመንጃ ከሌላ ብረት ስለሆነ አትስጉ፣ ሰኞ አደን መውጣት ትችላላችሁ የሚል ደብዳቤ ነው። ስጽፈው ያ ባዶ መደርደሪያ ትዝ አለኝ። ቢሆንም ላክሁት።

ሐሙስ ዕለት ብቻዬን የተሰበረውን መቀርቀሪያ ሞርሳ ላይ አስሬ በማጉያ አየሁት። የቀኙ ጥርስ ከሥሩ ተገንጥሏል፤ የቀረው ገጹ እንደ መስታወት ያበራል። የግራው ጥርስ ምንም አልሆነም። ገጹ ላይ ከማሽን ሲወጣ የነበሩት ጭረቶች እንዳሉ አሉ። ያ ጥርስ አንድም ቀን ምንም ነገር ነክቶ አያውቅም። ብረቱ ምንም አላጠፋም። ቁጭ አልኩ፤ ወንበር መኖሩን ሳላይ ነው የተቀመጥኩት፣ ደግነቱ ነበረ።

ያንን ሌሊት ጥሩወርቅ ምን ሆንክ ብላ ስትወጥረኝ ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ዝም ያልከው አክብረሃቸው ነው ወይስ መናገሩ ከብዶህ ነው አለችኝ።

ዓርብ ጠዋት የወርክሾፑ ስልክ ጮኸ። ጉንቮር ናቸው። አኒካን ይማርልን ካሉ በኋላ የተላከው ደብዳቤ እንደደረሳቸው ነገሩኝ።

"የእኔ ከሌላው ብረት ነው፣ አይደለም?"

"ነው" አልኳቸው።

"እንግዲያው ሰኞ ይዤው ልውጣ?"

ስልኩን በሁለት እጄ ያዝኩት። ሁለት ዓመት የጠበቁ አሮጊት ናቸው፤ ጉንጫቸውን የሚያስደግፉት እሱ ላይ ነው።

"እንዳይተኩሱበት" አልኩ።

"ለምን?"

"እኔ አላየሁትም።"

"ስቱሬ ፈርሞበት የለም እንዴ?"

"ፈርመዋል። እኔ ግን አላየሁትም።"

ከዚያ የባላቸውን አሮጌ ጠመንጃ ይዘው እንደሚወጡ ነገሩኝ። ልሰናበታቸው ስል፣ ለሌሎቹ ሦስት ነግረሃቸዋል ወይ አሉኝ። አልነገርኩም አልኳቸው። "እና ምን ትጠብቃለህ?" አሉና ዘጉት። እኚህ ሴት እኔ ራሴ አይቼ ያስተካከልኩላቸውን አዲስ መቀርቀሪያ በኋላ ተቀብለዋል፤ ከጡረታ በፊት ከሠራኋቸው የመጨረሻው እሱ ነው።

ወርክሾፑን ቆልፌ ወደ ስቱሬ ቤት ሄድኩ። አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ እኔ ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። አኒካ ከሆስፒታል ወጥታ እዚያ ነበረች፤ ቀኝ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ስቱሬ መስኮቱ አጠገብ ናቸው። ተቀመጥ አሉኝ፤ ቆሜ ነው የተናገርኩት። ጥርሱን እንዳየሁት፣ ብረቱ ንጹሕ እንደሆነ፣ ሰማያዊው ቀለም እንደማይታያቸው ካወቅኩ መቆየቴን፣ በየጠዋቱ ከኋላቸው እየተከተልኩ ሥራቸውን ሳይ መኖሬን፣ በስቅለት ዕለት ግን እንዳልነበርኩ፣ አምስቱ ሳይታዩ መሄዳቸውን እያወቅኩ ዝም እንዳልኩ፣ እስካሁን የነገርኩት ለጉንቮር ብቻ መሆኑን፣ ሁሉንም። ስናገር ዓይኔ ከወለሉ አልተነሣም። አዋረድኳቸው ብዬ ነው የማስበው። ይጮሁብኛል፣ ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ጠበቅኩ።

ስቱሬ መሐረባቸውን አውጥተው እጃቸውን ጠረጉ።

"አውቃለሁ" አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

"ሰማያዊው ከጠፋብኝ አራት ዓመቴ ነው። አንተ ጠዋት ጠዋት እንደምታየው አውቃለሁ። የሠራኸውን በጣቴ ስዳስሰው ያንተ እጅ እንደሆነ አይጠፋኝም። አንተ ታየዋለህ ብዬ ነው የምፈርመው።" መሐረቡን አጣጠፉ። "የዚያን ዓርብም ታየዋለህ ብዬ ነው የፈረምኩት። የእናንተ ስቅለት መሆኑን ረሳሁት። የእኛ አልፎ ነበር።"

በሕይወቴ ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር አይቻለሁ፤ ድንበር ላይም፣ በረሃ ላይም። እንደዚያ ግን ደንግጬ አላውቅም። እኔ እሳቸው እንዳያፍሩ ስደብቅ፣ እሳቸው እኔ የምደብቀውን እያወቁ እኔ እንዳላፍር ሲደብቁ፣ አራት ዓመት በአንድ ክፍል ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ሠርተናል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። እኔ ደግሞ ዝምታ የእኛ አገር ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አኒካ ባልታሰረው ዓይኗ አንዴ አባቷን አንዴ እኔን ታያለች።

"እኔ ጉንጬን ያስደገፍኩት ሁለታችሁም አይታችሁታል ብዬ ነው" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ለእኔ ማን ነበር የሚነግረኝ?"

እንባዬ መጥቶ ነበር፣ ግን በዚያ ሰዓት ማልቀስ ራስን ማስታመም መስሎ ታየኝና ዋጥኩት።

አኒካ ስልኳን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። በአንድ ዓይን ማንበብ ስላስቸገራት ስልኩን ፊቷ ድረስ አስጠግታ፣ ጠመንጃው የተላከላቸውን የቀሩትን የሦስቱን ሰዎች ስም ፈለገች። እሷ የምትናገር መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ደወለችና ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጋ ስልኩን ለአባቷ ዘረጋችላቸው።

አንድ ወንድ አነሣ። ደስተኛ ድምፅ ነው፤ የአኒካን ቁጥር ስላየ እሷ መስላው ዳንሽ ወይ አላት፤ ጠመንጃውን ለሰኞ እየወለወልኩ ነው አለ። ስቱሬ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

"ስቱሬ ነኝ" አሉ። "የያዝከው ጠመንጃ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እንዳትተኩስበት። ዓይኔ አያይም።"

ሰውዬው ምን ማለትህ ነው አለ። ስቱሬ ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ።